ለዜሮ ነጥብ አምስት የቀረ ሥራ

ጉም ከጦሳ ወርዶ ሸዋበርን ሲውጥ፣
ባትሪዬ ሊያልቅ ሲል፣ ጋቢ ደርቤ ስቀመጥ፣
ደብተሬን ገለጥኩና ጻፍኩ ከላይ በግራ፦
«ማግ፣ ለዜሮ ነጥብ አምስት የቀረ ሥራ።»

ማግ ቋንቋ ነው፤ ግን ማንም አፉን አልፈታበትም፣
አልተራገመበትም፣ አልተመራረቀበትም፤
ሰሚው ማሽን ብቻ ነው። ስሙን ያወጣው ይመር፣
ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ የሌሊት ፈረቃ ሲጀምር፤
«ድሩን ዓለም ዘርግቶታል» አለኝ፣ «እኛ ማጉን እንሁን»፤
ዋጋ የለው፣ ባለቤት የለው፣ ያሻው ይፍታው፣ ይስፋው ብለን
ይኸው አምስት ዓመት፣ አልቋጨነውም እስካሁን።

አንደኛ፦ ክፍልፋይ። ሰባት ለሁለት ስንለው
ሦስት ብሎ ዝም ይላል፤ ግማሿን ሲውጣት ማን አየው?
ይህ ሚዛን ሰኞ ገበያ፣ ጤፍ ተራ ላይ ቢያዝ፣
ከባለቤቱ አልፎ ለጎረቤት ይተርፋል መዘዝ።

ሁለተኛ፦ የስህተት መልእክት። ማግ ሲሳሳቱበት ይቆጣል፣
«ስህተት፦ ሰባት» ይልና በሩን ዘግቶ ይወጣል።
መሬማ፣ የሆጤዋ፣ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል፣
አንዲት ቅንፍ ረስታ አደረች በእንባና በእልህ መሐል።
«ወሎ ተወልዶ» አለችኝ፣ «ሰው እንዲህ ይመልሳል?
አብሽሪ፣ ሰባተኛው መስመር ላይ ቅንፍ ረስተሻል፣
ቢል ከክብሩ ምን ይቀንሳል?»
ጻፍኩት፦ መልእክቱ በሙሉ እንደ አዲስ ይታረም፤
መጀመሪያ አብሽር፣ ቀጥሎ መስመሩ፤ ቁጣ የለም።

ሦስተኛ፦ ሰነድ። መጻፍ ማንም አይወድም።
(እኔም አልወድም።)

አራተኛው ከባድ ነው፦ ቆሻሻ ጠራጊው።
የማሽን ሆድ ኪራይ ቤት ነው፤ ጠባብ ነው ማደሪያው።
ከሥሩ ትጀምራለህ፣ ማን ማንን እንደሚጠራ ታያለህ፤
ጠሪ ያለው ይቆያል፤ ጠሪ ያጣውን ትጠርጋለህ።
ይመር በስልኩ ጻፈልኝ ከመዘውር ጩኸት መሐል፦
«ሁለት ሳምንት ይበቃል።»
ሁለት ወር ብዬ አረምኩት። ሐረጎን የወጣ ያውቃል፤
ኮምቦልቻ ከላይ ሲያዩት ቅርብ ነው፣
መንገዱ ግን ይጠመዘዛል።

አምስተኛ።
ቃል የሚለቅመውን ክፍል የጻፈው ዑስማን ነው፤
መናፈሻ፣ አጎቱ ልብስ ስፌት ቤት፣ ከጨርቅ ቁልል ጀርባ ሆኖ ነው።
ፊደልን እንደ ምስር ለቀመ፣ ጠጠሩን ከፍሬው ለየ፤
መስመር አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ግን ቆም ብሎ ቆየ፦
«ሀ እና ሐ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? ነገ እወስናለሁ። ዑ.»
ቀኑ ጥቅምት ነው። ያ ጥቅምት።
ከዚያ ወዲህ ከሱ አንድ መስመር የለም፣ አንዲት ነጥብ።
አጎቱ ልብስ ስፌት ቤቱን መልሶ ከፍቷል፤
ሳልፍ ሰላም እለዋለሁ፤ ቀና ሳይል መርፌው ላይ ክር ያስገባል።

መወሰን ግን አለበት። ተጠቃሚው ግራ ይጋባል፤
ሀሰን ብሎ የሰየመውን ሐሰን ብሎ ሲጣራ
ማግ «አላውቀውም» ይላል።

እሺ፣ አንድ ይሁኑ። ሰው በወደደው ሀ ይጥራ፣
የተጠራው አቤት ይበል። ይኸው ነው የአምስተኛው ሥራ።
አራት መስመር ጻፍኩ፤ ፈተናውን በአንዴ አለፈ፤
የዑስማን «ነገ» ግን ከበላዩ፣ ሳልነካው ተረፈ።

ይመር በእረፍቱ አነበበው። «ይግባ» አለ፣ ሻዩ ሳያልቅ፤
ስለዚያች መስመር አልጠየቀኝም፤
እኔም ምክንያት አልሰጠሁ ሳልጠየቅ።

ባትሪው ሦስት በመቶ። ጉሙ ደጅ ቆሟል።
ወደ ሐረጎ የሚወርድ መኪና ማርሽ ሲቀይር እሰማለሁ፤
ስድስተኛ ብዬ፣ ሁለት ነጥብ ጥዬ፣ ብዕሬን ይዤ እቆያለሁ።
ስድስተኛውን ነገ እጽፋለሁ።