ከገጽ ሠላሳ ሰባት

ጨው ግዛ ተብዬ፣ በነሐሴ ጭቃ፣
አዲስ ዓለም ወረድሁ፣ ዝናቡ ሲያበቃ።
ኑርሁሴን ባለሱቁ፣ ሚዛኑን ሰቅሎ፣
ከወፍራም መጽሐፍ ላይ፣ አንድ ቅጠል ነጥሎ፣
ጨዉን ጠቀለለው፣ እንደ ቀንድ አሹሎ።

መንገድ ላይ አነበብሁት፣ ጨው እየዘራሁ፤
ምን እንደ ያዘኝ እንጃ፣ ብቻ ቆሜ ቀረሁ፦
«ድልድዮቹ ሁሉ፣ ጠጥተው ሲጠግቡ፣
በነጂዋ ፉጨት፣ ዳገት ዳገት ሳቡ፤
አንዱ ግን፣ አንካሳው፣ ዘወር ብሎ አያትና...»

ገጹ አለቀ።

ተመልሼ ሮጥሁ። ቀጣዩ ቅጠልማ
በርበሬ ታቅፎ፣ ከአንዲት ሴትዮ ጋራ
ሽቅብ ወደ ፒያሳ መንገድ ጀምሯል ለካ!
ሴትዮዋን ምን ብዬ እንደ ለመንሁ አልናገርም፤
እስከ ዛሬ ግን ገጽ ሠላሳ ዘጠኝን ስገልጥ
ያስነጥሰኛል።

የቀረውን በአባቴ የሦስት ዓመት ጋዜጣ
ለወጥሁት፤ ወረቀት በወረቀት፣ ኪሎ በኪሎ።
ኑርሁሴን ሳቀብኝ፣ «ጋዜጣው ይሻላል፣ ሰፊ ነው» ብሎ።
አባቴ አልሳቀም።

ሽፋን የለው፣ ስም የለው፣ የደራሲው ወሬ የለ፤
ሠላሳ ስድስት ገጽ፣ ምስርና ሻይ ቅጠል እንዳዘለ
በየሰው ጓዳ ገብቶ፣ እሳት ማያያዣ ሆኖ ቀረ።

እኔ ያን ክረምት፣ ማታ ማታ ሹልክ ብዬ
ቀሃ ድልድይ እወርዳለሁ፣ ቆሞ እንደሁ ላይ።
ድንጋዩን እዳብሳለሁ፤ እርጥብ ከሆነ፣
«ጠጥቶ ነው የመጣ» ብዬ፣ ገብቼ እተኛለሁ።

እኅቴ አንጓች ግን፣ «ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለች።
መጀመሪያ ከየት ይምጣ?
እኔው ፈጠርሁላት፦
«ድሮ፣ አንድ ወንዝ ነበር። ወዲህና ወዲያ ዳሩ
በድንበር ተጣልተው፣ ማሉ ላይነጋገሩ።
መኻል የቆመው ድልድይ፣ የሁለቱን ስድብ
ሲያመላልስ ሲያመላልስ፣ ወገቡን ቢያመው ጊዜ፣
አንድ ሌሊት፣ እግሩን ነቅሎ...»
አንጓች አፏን ከፍታ አመነችኝ።

ስንቴ ደገምሁት!
በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ድልድይ ሲሮጥ ለማየት፤
ማራኪ ግቢ ሳለሁ፣ ከፊዚክስ ደብተር ሥር ደብቄ፤
ከዚያ ስንት ዓመት ረሳሁት፣ ሣጥን ውስጥ ቆልፌ።

አባቴ ያረፈ ዓመት አወጣሁት።
ገጽ ሁለት መቶ አሥር ላይ፣ ዘልዬው የኖርሁት
አንድ ቀረጥ ሰብሳቢ ሽማግሌ አለ፤
ድልድዩ ጥሎት ሄዷል፤ ባዶ ዳር ላይ ተቀምጦ፣
የሚሻገር ሰው ሳይኖር፣ ሳንቲሙን ይቆጥራል።
እንዴት ሳላየው ኖርሁ?
አባቴ እኮ፣ ያን ጋዜጣ፣
አንድም ቀን መልሶ አላነሣብኝም።

አምና፣ ከአራዳ ጀርባ፣ ላስቲክ ላይ ከተሰጣ
አሮጌ መጽሐፍ መኻል፣ ሙሉው ብቅ አለ፤
ሽፋን አለው፣ ስም አለው፣ አንድም ገጽ አልጎደለ።
ዋጋ ሳልከራከር ገዛሁ፤ ሻጩ ራሱ ደነገጠ።

ለአንጓች ልጅ ለሶሊያና፣ ከገጽ አንድ ጀመርሁላት፦
ንጉሥ፤ የንጉሡ አባት፤ የአባቱ አባት፤
አሥራ ሁለት ጦርነት፤ አንድ ጠንቋይ፣ የብር በትር፤
በበትሩ ነክቶ ድልድዩን አስኬደው ይላል።

ልጅቱ ፊቷን አጨማደደች።
«አጎቴ፣ ተሳስተው ነው ያተሙት!
መጀመሪያው እንዲህ አይደለም፤
ዳርና ዳር ተጣልተው ነው። እማዬን ጠይቃት!»

ሠላሳ ስድስቱን ገጽ ባንድ ቆንጥጬ አለፍሁና
ከጨው ጀመርሁላት።