ወራጅ አለ

ሃያ ስምንት ዓመት ፊሽካ ነፍቻለሁ፤
ሃያ ስምንት ዓመት "ሩጥ!" ብያለሁ።
ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ ከግቢው አጥር ሥር
ስንት ልጅ አሰለፍኩ በኖራ መስመር።
ስማቸው ጠፍቶኛል፤ ቁጥራቸው ነው ያለኝ፦
ሁለት፣ አምስት፣ ሰባት…
አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ምላሴን ያዝ ያረገኝ።

ከድር ነው አሥራ አንድ፤ የሠራተኛ ሰፈር፣
አባቱ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ የሚያድር፣
ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በግራው የሚመታ፣
ጫማው አፉን ከፍቶ በሲባጎ የተገታ።

ፍጻሜው ጃን ሜዳ። ደመናው ተከምሯል፤
ዳይሬክተሩ መጥቷል፣ ከረባት አስሯል፤
ዋንጫው የተማሪ ዴስክ ላይ በጋዜጣ ተሸፍኗል፤
ዜሮ ለዜሮ ነን። ሦስት ደቂቃ ቀርቷል።
የማዕዘን ምት መጣች፣ ከራስ በላይ አልፋ፤
ግርግር ሆነና መረቡ ተነፋ።
ዳኛው ወደ መሀል እጁን ሲያመለክት
ባርኔጣዬን ጥዬ ዘለልኩኝ በስሜት።

ያየሁት ግን አለ። ለማንም ያላልኩት፦
የእጁን አንጓ ነክታ ስትገባ አየኋት።
አየኋት፤ ዘለልኩ።

ገና መሬት ሳልነካ
ከድር ወደ ዳኛው ሄደ። አልሮጠም። ሄደ።
እጅጌውን ሰብስቦ እጁን አስቀደመ፤
"እዚህ ጋ ነክታኛለች" አለ። ሜዳው ቆመ።

ጎሏ ተሰረዘች።
ቀጥሎ ያለውን በአጭሩ ልናገር፦
በመለያ ምት ተሸነፍን። ዝናብ ነበር።

አውቶቡሱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።
የተናገርኩትን በሙሉ አልጽፈው፤
"አንተ በእግርህ ና፣ እውነትህ ትሸከምህ" ነበር መጨረሻው።
ሃያ ሁለት ልጅ ሰማ። ሃያ ሁለቱም ጫማቸውን አዩ።

የኋላውን መስታወት በመዳፌ ጠርጌ
አየሁት፣ በስድስት ኪሎ አጥር ጥግ፦
ማልያውን አውልቆ፣ በብብቱ አቅፎ፣
ይሄዳል፤ ጎርፉ ከቁርጭምጭሚቱ አልፎ።
ሾፌሩ "ላቁም?" አለ።
"ንዳው" አልኩት።

ሰኞ፣ ከሰንደቁ በፊት፣ ቢሮዬ በር ላይ
ማልያውን አመጣ። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣
እንደ አዲስ ደብተር ታጥፎ፣ ኦሞ ኦሞ እየሸተተ።
"ቲቸር፣ የትምህርት ቤቱ ነው።" ሌላ ቃል አላወጣ።
መዝገብ ላይ ጻፍኩ፦ "ማልያ፣ ቁጥር አሥራ አንድ፣
ብዛት አንድ፣ ተመላሽ፣ በመልካም ሁኔታ።"
የእኔን ሁኔታ የሚሞሉበት
ቅጹ ላይ አልነበረም ቦታ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዋንጫ በልቻለሁ፤
መብላቱንስ በላሁ፣ መች ጠግቤ አውቃለሁ?
በየመስከረሙ ለአዲሶቹ ልጆች
"ጨዋታ ስትሉ ጨዋን አትዝለሏት፣
ቃሉ ውስጥ ናት እሷ" እላለሁ፤ ይጽፏታል።
ከማን እንደተማርኩ የጠየቀ የለም።

ባለፈው ኀሙስ፣ ከፒያሳ፣ ታክሲ ውስጥ፣
ከፊቴ ወንበር ላይ አንድ ሰው። ሸበት ያለ።
በማጅራቱ አላወቅሁትም። ኋላ ግን
ረዳቱ መልስ ሰጠው። ቆጠረ። ደገመ።
ከዚያ እጁን አነሣ፣ ያችኑ እጁን፣
"ወንድሜ፣ አምስት ብር አብልጠሃል" አለ።
ረዳቱ ሳቀ። አንዷ ሴት ዘወር ብላ አየችው፣
እንደ ሞኝ።

አፌን ከፈትኩ። ዓመታት ያቦካሁት ቃል
ጉሮሮዬን አልፎ ጥርሴ ጋ ደርሷል፦
"ከድር" ልል፣ "ልጄ" ልል፣
"እኔም እኮ አይቻት ነበር" ልል…

"ወራጅ አለ" አልኩ።

ቤቴ ገና ነበር። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ
ታክሲው ጣለኝና ዳገቱን ተያያዘ፤
ካፊያ ጀምሯል።
የቀረውን በእግሬ ሄድኩ።