አፍ የሌለው ዝንብ

ከእሪ በከንቱ ዳገት ሥር፣ ከቀበሌው ቤት ጓሮ፣
ለሁለት የተገመሰ ሮቶ አለኝ፣ ጥላው አሮጌ ቆርቆሮ።
ውስጡ ሦስት መቶ ቆሮሶ።
አያለቅስ፣ አይለምን፤
አፉን ይከፍታል ብቻ፣ ይገጥመዋል መልሶ።

የከረጢቱ መኖ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣ፤
ዶላር ሽቅብ ባለ ቁጥር እሱም አብሮ ወጣ።
ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ሒሳብ ደምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝና
አንድ ማታ ደብተሬን ዘረጋሁ፣ በሻማ፣ መብራት ጠፍቶ ነበርና፤
ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ አልሁ፤
ዓሣው እኔን እንጂ እኔ ዓሣ እንደማልበላ አወቅሁ።

የኑግ ፋጉሎ ሞከርሁ፤ ውሃው ላይ ተንሳፎ ጠቆረ።
የቢራ ብቅል አመጣሁ፤ ባንድ ሌሊት ኮምጥጦ አደረ።
የዝዋይ ዓሣ ዱቄት አለ አሉኝ፤
ዋጋው ከዓሣው ከበረ።

ያኔ ነው ሒክማ የመጣችው፣ የጭማቂ ቤቷ ልጅ፣
የአቮካዶ ልጣጭ በጆንያ ተሸክማ፣
ጣቶቿ ማንጎ ማንጎ እየሸተቱ።
«ጋሼ፣ መጣያ አጣሁለት። ለዓሣዎ አይሆንም?»
ለዓሣ አልሆነም።
ለዝንብ ሆነ።

ቀጭን፣ ጥቁር፣ ተርብ የሚመስል ዝንብ
በካርቶን ስንጥቅ ዕንቁላሉን ሸጉጦ ሄደ።
ሁለት ሳምንት ቆይቶ ጆንያው መተንፈስ ጀመረ።
ገለጥሁት። ሙቀት፤
ከሩቅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ድምፅ፤
ትል፣ በትል ላይ።

አልዋሽም፣ አስመለሰኝ።
አባቴ ሲቀበር፣ አፈሩ ሲመለስ፣
እሱን አልነበረም ያሰብሁት፤ ትሉን ነው።
ግን ዘጋሁ ዓይኔን፣ ዘገንሁ፣ በተንሁ፤
ውሃው ፈላ።

ሁዳዴ ሲገባ እትዬ አሰገደች በአጥሩ ቀዳዳ አዩኝ።
«ዓሣውስ ይሁን፣ የሚበላው ይበላዋል፤
ትል የበላ ዓሣ ግን፣ ጾም ነው ፍስክ?»
እኔ ምኑን አውቄ። «ዓሣው አይጾምም» አልኋቸው።
«ደግሞስ ሰፈሩን ዝንብ ሊወርሰው ነው!»
«ይኼኛው አፍ የለውም፣ እትዬ።
በልጅነቱ የበላውን ስንቅ ይዞ
ጥቂት ቀን ይበራል፣ ይዳራል፣ ይሞታል።
ወጥዎን አይነካ፣ ሰው አያማ።»
ዝም አሉ፣ ዝም አሉና፣
«እንዲህ ያለ ጎረቤት የት ይገኛል?» አሉ።

ጠዋት ጠዋት የደረሱት ትሎች
በጣውላው ሽቅብ ይወጣሉ፣
እንደ አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ፣ አንዱ ያንዱን ጀርባ እያየ።
ማንም አይገፋቸውም።
ጫፉ ላይ ባልዲ አለ።
ከአሥር አንዱን ለክንፍ እተዋለሁ፤
የትኛው እንደሆነ ጣቴ ነው የሚያውቀው፣ እኔ አልመርጥም።

«ሺ ዝንብ ቢሰበሰብ መሶብ አይከፍትም» ይል ነበር አባቴ።
የኔን ከፈተው።

ትናንት ሒክማ መጣች፤ አንዱን ጠበስን፣
ሚጥሚጣና ሎሚ፣ ሌላ ምንም።
አጥንቱን ስትለቅም «ጣፋጭ ነው» አለች፣
«ምን አብልተውት ነው?» ብላ ሳቀች።
እሷ ከሄደች በኋላ ደብተሬን ዘረጋሁ፣
በሚገባው ዓምድ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ብዬ ያዝሁት፦
ከትል በብድር የተወሰደ።
ተመላሹ፦ ሙሉው፣ በአካል።
ቀኑ አልተሞላም።