የእናት መስመር

ኬንታኪ ውስጥ ናት ይቺ፣ ፓሪስ የሚሏት፣
ከሰው ይልቅ የፈረስ አጥንት የሚቆጥሩባት።
ሽማግሌው ቨርሊን፣ የጋጣው አሳዳሪ፣
የጨረታውን መጽሐፍ ገልጦ ሆነኝ አስተማሪ፦
«ከላይ ያለው አባት፣ ከታች ያለችው እናት፤
አንተ ግን ከታች ጀምር፣ እዚያ ነው ያለው እውነት።
ስሙን በጥቁር ቀለም ካየኸው ወፍሮ ደምቆ፣
ያ ፈረስ ዋንጫ ወስዷል፣ ትልቅ ሜዳ ላይ ልቆ።
ቀጭን ከሆነ ግን…» ብሎ ዝም አለ፣
ጣቱ በውርንጭላዋ እናት ስም ላይ እንደዋለ።
ቀጭን ነው። ከሥሩም ባዶ ወረቀት፤
ሦስት ጊዜ ሮጣ፣ አንዴም አልቀናት።

በሦስተኛው ትውልድ፣ በአራተኛውም ደግሞ፣
አንድ ስም ሁለቴ አየሁ፣ ከላይም ከታችም ቆሞ።
«እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባ» አልኩት፤
ሳቀ፤ «ፍጥነት እንዳይበተን ብለው ደሙን ቋጠሩት።»
«ባለ ዋንጫው ግራጫስ፣ በአባት ወንድሟ አይደል?»
«አይደለም። ድንጉላ በዓመት መቶ ይወልዳል፤
ወንድም የሚባለው የአንድ ባዝራ ልጅ ነው»
አለና ጉሮሮውን አንዳች ነገር ያዘው።

ኋላ ነው የሰማሁት፣ ጭድ ስንበትን አብረን፦
ባንክ ቤት አንድ ሰው አለ፣ የአባቱ መልክ፣ የአባቱ ዐይን፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቼክ ሲመነዝርለት
«አመሰግናለሁ» ነው ከዚያ የተረፈለት።

ሌክሲንግተን ላይ በአራት ሺህ ዶላር ሸጧት።
«ዘር ከልጓም ይስባል» ልለው ነበር፣ ተውኩት።
እሷ፣ ልጓም ያልቀመሰችው፣ ገጹን ከእጁ ነክሳ፣
የአባቷን ወገን አኘከች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨርሳ።
ቨርሊን አልከለከላትም።