ሁለት ሜጋ ለሉባባ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቷ የሰው ግድግዳ ብቻ በምታይ፣
ለስድስት በተሸነሸነች አንዲት ክፍል፣
አልጋዬ ሥር አንድ ሳጥን ያንጎራጉራል።
ከአጅማን አሮጌ ተራ፣ በመቶ ሃያ ድርሃም
የገዛሁት ኮምፒውተር ነው፤ ክዳን እንኳን የለውም።
እኔ ሰርቨር እለዋለሁ። ጎረቤት አልጋ ያለው ቢጁ
ከኛ በለቀማት አማርኛ፣ ጆሮውን ደፍኖ በእጁ፣
"በሬው" ይለዋል፤ ሌሊት ሲሞቅ ያጓራላ!

ሆዱ ውስጥ ያለው ግን የባቲ ሰው ሁሉ ነው፦
የእህታችን የዘምዘም ሰርግ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ነው፤
የግመል ገበያው አለ፣ አቧራው እንደተነሣ፣
አጎቴ ሲጨቃጨቅ በሁለት ፍየል ካሣ፤
አባባም አለ እዚያው፣ ከመሞቱ በፊት፣
ለሙሽሮቹ ዱዓ ሲያደርግ በዚያች ሌሊት።

ሐሙስ ሲመሽ ደጄ ይጨናነቃል።
ቶፊቅ ከደማም ገብቶ "ክፈት" ይላል፤
ሰዓዳ ከመስከት፤ ሉባባ ከጀህራ፣ እመቤቷ ስትተኛ፣
ዕቃ ቤት ውስጥ፣ የሩዝ ከረጢት ላይ፣ እሷ ናት ሦስተኛ።

የመንገዱን ነገር ያወቅሁት ያኔ ነው።
ወደ እኔ ሲመጣ ሁለት መቶ ሃምሳ ሜጋ፣ ጎርፍ ነው፤
የዓለም ፊልም ሁሉ ሊገባብኝ ሲሻ በሩ ወለል ይላል፤
የኔን ላውጣ ስል ግን አሥር ብቻ ይሰፈርልኛል።
ውል ስፈርም ያሳዩኝ ያንን ትልቁን ቁጥር፤
ትንሹ ከታች ነበር፣ በደቃቅ ፊደል፣ እንደ ምሥጢር።

ሰርጉ በሙሉ ጥራቱ ስምንት ሜጋ ይጠጣል።
ከአሥር ስምንት ከሄደ ለሁለተኛው ምን ይተርፋል?
ቶፊቅ ሲከፍት፣ ሰዓዳ ጋ ክቧ መሾር ትጀምራለች፤
ሉባባ ስትጨመር ሙሽራዋ ትደርቃለች፣ አፏን እንደከፈተች።

ስለዚህ ገደብ አበጀሁ። ለያንዳንዱ ሁለት ሜጋ።
ሳጥኑ ምስሉን ይፈጫል፣ ያደቃል እስኪነጋ፤
በቁና የገባው ቀለም በጣሳ ይወጣል፤
በሬው ያጓራል፤ ቢጁ ብረቱን ይደበድባል፤
"ወንድሜ፣ ሰርጉ አላለቀም?" በተሰባበረ ዓረብኛ፤
"አላለቀም፣ ገና ነው" እለዋለሁ፤ "አንቸኩልም እኛ።"

ሲፈጭ ግን የሚጠፋ አለ። መጀመሪያ ከቀሚሷ ላይ
ጥልፉ ጠፋ፤ ከእጇ ሂናው፤ ቀጥሎ የባቲ ሰማይ።
ከዚያ የአባባ ጺም አራት ማዕዘን ሆነ፣
ፊቱ እንደ ተነቀለ ንጣፍ ተሸነሸነ።

ሉባባ ጻፈች፤ ድምፅ ማሰማት አትችልም፦
"አባባን ምን ነካው? ስልኬ ነው? ፊቱ አይለይም።"
"ስልክሽ አይደለም፣ በሬ ነው" አልኳት፤
(ቢጁ ሳያውቀው ቅኔ ዘርፏል ለካ!)
"መግቢያው ሰፊ ነው፤ መውጫው ነው የጠበበው።
እነ ቶፊቅን ነገ ልበልና፣ ስምንቱን ላንቺ ልተወው።"

ሦስት ነጥብ ብልጭ አለ፤ ጠፋ፤ ደግሞ ብልጭ አለ።
"እኔም ኩዌት ስገባ በሩ ወለል ብሎ ነበር" አለች፤
"የመውጫውን ደቃቅ ፊደል መች አነበብኩ።"
ቀጥላ፦ "የቀረኝ ግማሽ ጊጋ ነው፤ ደሞዝ ገና ነው።
በስምንትህ ካየሁት በስምንት ደቂቃ ያልቃል፤
ዝቅ አድርግልኝ፤ ቢደበዝዝም ይቆይልኛል።"

ወደ አንድ አወረድኩት። ወደ ግማሽ።
አባባ ጭጋግ ሆነ፣ ጥምጣሙ ብቻ የሚነጣ።
በመጨረሻ ምስሉን ዘጋሁት፤ ድምፁ ብቻ ወጣ።
ድምፅ ምን ይበላል? የሜጋ አንድ አሥረኛ፤
በመርፌ ቀዳዳ የሚሾልክ መንገደኛ።

በሬው ዝም አለ። ቢጁ ማንኮራፋት ጀመረ።
በጨለማው የአባባ ጉሮሮ ተጠረገ፣ ተናገረ፦
"ያ ረቢ፣ የወጡትን በሰላም መልስ፤
የጠበበውን አስፋ..." እያለ፣ እስኪጨርስ

ከጀህራ ምንም አልመጣም። ኋላ፣ ሊነጋጋ ሲል፣
ከዕቃ ቤቱ ሦስት ፊደል፦
አሚን።