ወንበር ቆጣሪው

ኪርያት ጋት ዳርቻ፣ ከባቡሩ መንገድ ማዶ፣
የቆርቆሮ መጋዘን አለ፣ በጋ እሳት፣ ክረምት በረዶ፤
እዚያ ነው እንጀራዬ። ወንበር እቆጥራለሁ።
ነጭ ፕላስቲክ፣ አሥር በአሥር አነባብራለሁ።
ለሠርግና ለልቅሶ ነበር ድሮ የሚወጣው፤
ዘንድሮ ሠርጉንም ልቅሶውንም ሰልፍ ዋጠው።

ሐሙስ ኢየሩሳሌም ነው፦ "የዳኛው ወንበር ይነቅነቅ!" ለሚሉት፤
ሰንበት ሲወጣ ቴል አቪቭ፦ "የዳኛው ወንበር አይነካ!" ለሚሉት።
ባንዲራው ያው አንድ ነው፣ ሰማያዊና ነጭ፤
ወንበሩም ያው አንድ ነው፣ ሲራገፍ ጣት የሚፈጭ።

"በአባቴ አፍ ወንበር ማለት ዳኛ ነው፣ ሹመትም ነው"
ብዬ ለማክሉፍ ብነግረው፣ ሳቀና "ላንተስ ምንህ ነው?"
"ለኔማ የወገብ ሕመም" አልኩት።

ሐሙስ ከወንበሩ ላይ የሱፍ ቅርፊት እጠርጋለሁ፣
ቅዳሜ ሌሊት የወረቀት ኩባያ እለቅማለሁ፤
አንዳንዴ ልዩነታቸው ይኸው ብቻ ይመስለኛል፤
አንዳንዴ ግን ጩኸቱ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ያስፈራኛል።
በልጅነቴ አይቻለሁ ጎንደር፣ ሰው በቀለም ሲጠራራ፣
ቀይ ነህ፣ ነጭ ነህ ሲባባል፤
ጎረቤት ወደ ጎረቤቱ ደጅ ባለ ጠመንጃ ሲመራ።

መኪናውን የሚነዳ ዓውዳ ነው፣ የራሃት ሰው፤
ስለ ምርጫ ከጠየቁት ሬዲዮውን ነው የሚቀንሰው።
ማክሉፍና ገናዲ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተው፣
ሰርዲን ካንድ ቆርቆሮ በሹካ ተሻምተው፣
የገናዲ እናት ስትሞት ማክሉፍ ሰባት ቀን ተቀምጦ፣
ዛሬ ሰላም አይለውም፤ ያልፈዋል ፊቱን ለውጦ።
"እናንተ ልሂቃን!" ይለዋል ማክሉፍ ገናዲን፣
ወር ሲጋመስ ከጎረቤት ዘይት የሚበደረውን።
"እናንተ መንጋ!" ይለዋል ገናዲ ደግሞ በተራው፤
የሁለቱም የትርፍ ሰዓት ሒሳብ ሦስት ወር ሆነው፣ ሳይደርስ ተራው።

"ጀምበሬ፣ አንተስ ከየትኛው ነህ?" ይሉኛል ከመሀል ስቀመጥ፤
ሁለቱም ወገን "ወንድሜ" ይለኛል የምርጫው ቀን ሲያፈጥጥ።
የኛን ልጅ ፖሊስ ገድሎት መንገድ የዘጋን ለት ግን፣
ወንበር የተከራየልን የለም፤ አስፋልት ላይ ነው የተቀመጥን።

ባለፈው ሳምንት ከሰልፍ መልስ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ቆጠርኩ፤ ጎደለ። ደግሜ ቆጠርኩ። አሁንም የጎደለው አራት።
"ያንተዎቹ ናቸው የሰረቁት!"
"የለም፣ ያንተዎቹ!"
አለቃችን አልተከራከረም። ማስያውን አወጣና፣
አርባ አርባ ሰቅል ጻፈብን፣ ብዕሩን ሳያነሣ ገና፤
ከኔ፣ ከማክሉፍ፣ ከገናዲ፣ ከዓውዳም እኩል ቆረጠ፤
እንደዚያን ሌሊት እኩልነት በዚህ አገር አልተገለጠ።

የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ለናንተ አልዋሽም።
ስንት ዘመን ስንሸከም አንድ ቀን ተቀምጠን አናውቅም።
ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ሸራ አልብሼ አኖርኳቸው፤
አለቃው የቀጣን መስሎት ሸጠልን፤ እንግዲህ የኛው ናቸው።

ትናንት ጠራኋቸው። መጡ። ዓውዳ ቀድሞ ተቀመጠ፣
ጫማውን አወለቀና ወደ ሐዲዱ አፈጠጠ።
ማክሉፍ ወንበሩን አንሥቶ ወደ ጥላው አራቀ፤
ገናዲ ጀርባውን ሰጠው፤ ሲጋራው ጣቱ ላይ አለቀ።
ማንም ማንንም አላቀፈም።
የቤርሳቤህ ባቡር አለፈ።

"ያ የሦስት ወር ሒሳብስ?" አለ አንዱ፣ ዞር ሳይል፤
ማን እንደሆነ እንጃ፤ ድምፁን ነፋስ ይዞት ሲከፈል።
መልስ የሰጠ የለም። እኔም ልማዴ አልለቅ አለኝና
ቆጠርኩ፦ አራት ወንበር። አራት ሰው።
እንደገና።