ባትሪ ያዥ

ቤት ያዘለ መኪና ነው፤ ጎማው አሸዋ ነክሶ
ከኡም አል ቁወይን ኾር ዳር የቆመ፣ ጨው ለብሶ።
አልጋ አለው፣ ማድቤት አለው፣ ሻወሩ እንደ ቁም ሣጥን፤
እኔ የምተኛው ከበሩ ሥር፣ ጫማ ከሚወልቅበት ጎን።

ሦስት ሌሊት ሆነው እንግዲህ። ከመግሪብ ትንሽ አለፍ ሲል
መብራቱ፣ ጾም እንደጠናበት ሰው፣ ቀስ በቀስ ዝልፍልፍ ሲል፣
ፍሪጁ አንዴ ተንፍሶ፣ አኩርፎ ዝም ሲል፣
የልጆቹ ወተት ሲኮመጥጥ።

አቡ ኸልፋን በመጀመሪያው ቀን ባትሪውን ረገሙት።
በሁለተኛው አዲስ ገዙ፤ አሮጌውን አስጣሉት።
በሦስተኛው አዲሱም ደከመ።
ሻርጃ ያለ መካኒክ በስልክ፣ ሳያይ ሳይነካ ፈረደ፦
«ቻርጀሩ ሞቷል። ዘጠኝ መቶ ድርሃም» አለና ዘግቶ ሄደ።

በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። ከእጄ የሩዝ ውሃ ይንጠባጠባል።
ሆዴ ውስጥ አንድ የድሮ ድምፅ «ቆይ እስቲ» ይላል።

ኮምቦልቻ፣ ከማደያው ጀርባ፣ የአጎቴ የእብሬ ጋራዥ፤
ዕድሜዬ ዘጠኝ፣ ሥራዬ አንድ፦ ባትሪ ያዥ።
እሱ ከአይሱዙ ሆድ ሥር ተንጋሎ ብሎን ሲፈታ
እኔ አጎንብሼ አበራለሁ፣ እስኪመሽ፣ እስከ ማታ።
«ወዲህ! ወዲያ! ዓይኔ ላይ አይደለም! አንቺ ልጅ፣ ተኛሽ እንዴ?»
ክንዴ ሲዝል፣ እንዳልተኛበት፣ ሙያውን ያወራልኝ ነበር፦

«ቻርጅ አላደርግ ያለ ለት ዕቃ ልገዛ ብለሽ አትሩጪ።
ሰጪውን ለኪ።
ተቀባዩን ለኪ።
ሰጪው ሰጥቶ ተቀባዩ ካልደረሰው፣ ሁለቱንም አትክሰሺ፤
ሌባው ያለው ከመሐል ነው፤ ሽቦውን በእጅሽ ዳብሺ።»

«ባባ፣ ቴስተር አለ?» አልኩ። ሳቁ። ልጆቹም ሳቁ።
ግን ሰጡኝ፤ ላስቲኩ እንኳ ያልተቀደደ።
ጄኔሬተሩ እያጓራ፣ ቻርጀሩ አፍ ላይ፦ አሥራ አራት ነጥብ ሦስት።
አልሞተም። ይሰጣል ምስኪኑ።
ባትሪው ራስ ላይ፦ አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ።
ሁለት ነጥብ ሁለት መንገድ ላይ ቀርቷል።

ምንጣፉን ገለጥኩ። ከሻወሩ ሥር፣ ከሻሲው በታሰረበት፣
ጥቁሩ ሽቦ፣ እብሬ «መሬት» የሚለው፣ አረንጓዴ ጨው በቅሎበት
እንደ ሻገተ ዳቦ። ብሎኑ በጣት ይዞራል።
የባሕር ትንፋሽ ለካ ብረትንም እያባበለ ይበላል።

ጄኔሬተሩን አስጠፋሁ። በሙቅ ውሃና በሶዳ አጠብኩ፤
በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ብረቱ እስኪስቅ ፈገፈግኩ፤
አጥብቄ አሰርኩ። ከላይ ቫዝሊን ቀባሁት፣
ለተረከዜ የገዛሁትን።

ያን ሌሊት መብራቱ ነጭ ሆኖ አመሸ፤ ፍሪጁም ማንጎራጎር ጀመረ።
አቡ ኸልፋን ለወንድማቸው ደውለው
«አዲሱ ባትሪ ግሩም ነው» አሉ።
እኔም «አዎ ባባ» አልኩ። ያልታጠበ ድስት ነበረኝ።

ሁሉም ሲተኛ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ፣
ስልኬን ከዚያው ሽቦ እያጠጣሁ፣ ለእህቴ ለሐያት ደወልኩ።
ሰላምታውን አሳጠርኩት።
«ያለፈው ወር ስንት ደረሰሽ?»
ዝም አለች። ከዚያ ቁጥሩን ነገረችኝ።
የላክሁትን በጣቴ ቆጠርኩ፤ እንደገና ቆጠርኩ፤
ሁለቱ አልገናኝ አሉ።

ከመሐል ያለው ወንድማችን ነው፣ አወል።
ከባንክ ተቀብሎ በእጁ የሚያደርስ፤
ሦስት ልጅ፣ የቤት ኪራይ፣ የቆመ ባጃጅ ያለበት።
ሌባ ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም።
ችግርም እንደ ባሕር ነው፤ ዳሩ የቆመውን ያሻግታል።

«ማን አለ አጠገብሽ?»
«አወል» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
«አቅርቢልኝ።»

እስኪመጣ ድረስ ስልኩ ውስጥ የኮምቦልቻ ውሻ ይጮኻል፤
እዚህ ውሃው አሸዋውን ይልሳል።
የጥርስ ብሩሹን አልጣልኩትም፤
እጄ ላይ ነው።